«ምንም መድኃኒት አልወሰድኩም»፦ የፕሮፌሰር ሌንዝ ሁለተኛ ጥያቄ

ኖቬምበር 15 ቀን 1961 አንድ የሐምቡርግ የሕፃናት ሐኪም ስልክ አነሱ። የደወሉት ለአንድ መድኃኒት ፋብሪካ የምርምር ኃላፊ ነው። የምትሸጡት ክኒን ሕፃናትን በማህፀን ውስጥ ሳሉ እየጎዳ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ከገበያ አውጡት አሉ። ከ12 ቀን በኋላ ክኒኑ ከምዕራብ ጀርመን ፋርማሲዎች ወጣ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጀግና ታሪክ ሆኖ ነው። ልክ ነው፣ ጀግንነት አለበት። እኔ ግን እዚህ ልጽፈው የፈለግኩት ብዙ የማይወራውን ክፍል ነው። እኚህ ሐኪም እናቶቹን መጀመሪያ ሲጠይቁ መልሱ እዚያው ፊታቸው ነበር፤ አላዩትም። ያዩት ጥያቄያቸውን ቀይረው ሲመለሱ ነው። ከታካሚ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቀው እመኛለሁ።

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የተጎዱ ቤተሰቦችን በስም አልጠራም።

ሐኪሙ

ቪዱኪንድ ሌንዝ የተወለዱት በ1919 ሙኒክ አቅራቢያ ነው። አባታቸው ፍሪትዝ ሌንዝ በጀርመን ስሙ የገነነ የዘር ውርስ ተመራማሪ ነበር። ዕውቀቱን ግን «የዘር ንጽሕና» ለሚባለው አስተሳሰብ አዋለው። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በርሊን ላይ የፕሮፌሰርነት ወንበር አገኘ። ልጁ ያደጉት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

ልጁም ሕክምና ተማሩ። ከጦርነቱ በኋላ በሐምቡርግ ኤፐንዶርፍ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ሠሩ። በዚያው ወደ ዘር ውርስ ጥናት ገቡ። በ1961 የሕክምና ዘረመል መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ሐምቡርግ ውስጥ የሰው ዘረመል ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1965 ደግሞ ወደ ሙንስተር ሄደው የዘረመል ተቋሙን መምራት ጀመሩ። ያ ወንበር ከእሳቸው በፊት የኦትማር ፎን ፈርሹር ነበር። ፈርሹር የአውሽቪትዙን ሐኪም ዮሴፍ ሜንገለን ያስተማረ ሰው ነው። ሌንዝ በ1995 እስኪሞቱ ድረስ ኑሯቸው ሙንስተር ነበር። ከዓይን ማነስ ጋር የሚመጣ አንድ በዘር የሚተላለፍ በሽታ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው በዘር ውርስ የተካኑ ናቸው። ቤታቸውም፣ ትምህርታቸውም፣ ሥራቸውም ዘር ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ እጅና እግሩ ያልተሟላ ሕፃን ሲያይ መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው ምን ሊሆን ይችላል?

ክኒኑ

መድኃኒቱ ታሊዶማይድ ይባላል። በምዕራብ ጀርመን የተሸጠበት ስም ኮንተርጋን ነው። ያመረተው ሽቶልበርግ ከተማ ያለው ግሩነንታል የተባለ ኩባንያ ነበር። ለገበያ የቀረበው በኦክቶበር 1957 ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥ ነበር።

ሰው ለምን ወደደው? በዚያን ጊዜ የነበሩት የእንቅልፍ ክኒኖች አደገኞች ነበሩ። አብዝቶ የወሰደ ይሞታል። ይህን ግን ለአይጦች ምንም ያህል ቢሰጧቸው የሚገድላቸው መጠን አልተገኘም። ስለዚህ «ጉዳት የለውም» ተብሎ ተሸጠ። ለእንቅልፍ፣ ለመረበሽ፣ ለእርግዝና ማቅለሽለሽ ተወሰደ። ለልጆች የሚሆን ፈሳሹም ነበር። ሰዎች «የሲኒማ ጭማቂ» አሉት። ወላጆች ማታ ፊልም ለማየት ሲወጡ ልጁ እንዲተኛላቸው ስለሚሰጡት ነው።

እንዲህ ያለ የቁልምጫ ስም ያለው ነገር በሰው ዓይን መድኃኒት መሆኑ ይቀራል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ምልክት አልነበረም ማለት አይቻልም። የነርቭ ሐኪሞች ክኒኑን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ የእጅና የእግር መደንዘዝ እያዩ ነበር። ቅሬታው ለኩባንያው ደርሷል። ምሥራቅ ጀርመን መድኃኒቱን ጭራሽ አልፈቀደችም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፍራንሲስ ኬልሲ የተባሉ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሙያ የቀረበላቸው ማስረጃ አላረካቸውም። ተጨማሪ ጠየቁ፣ ፈቃዱንም አዘገዩ። የኬልሲ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ችግሩ

ከ1959 ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን የወሊድ ክፍሎች እንግዳ ነገር መታየት ጀመረ። እጃቸው ከትከሻቸው በቀጥታ የሚነሳ፣ ክንድ የሌላቸው ሕፃናት ይወለዱ ጀመር። አንዳንዶቹ እግራቸውም እንዲሁ ነው። አንዳንዶቹ ጆሮ የላቸውም። ልባቸው ወይም አንጀታቸው የተጎዳም ነበሩ። ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሞቱ።

ይህ ዓይነት ጉዳት ከዚያ በፊት እጅግ ብርቅ ነበር። አንድ የሕፃናት ሐኪም በሙያ ዘመኑ ሁሉ አንድም ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። አሁን አንድ ሆስፒታል በዓመት ውስጥ በርካታ እያየ ነው። ግን እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን ብቻ ነው የሚያየው። ወሬውን የሚሰበስብ፣ ቁጥሩን የሚደምር ማዕከል አልነበረም። አስቡት፣ ነገሩ ለሁለት ዓመት ያህል በየቦታው ተበታትኖ ቆየ።

ከሁሉም የከፋው የቤተሰቦቹ ዝምታ ነው። በዚያች አገር አካል ጉዳተኛ ሕፃን መውለድ እንደ ነውር የሚታይበት ጊዜ ገና አላለፈም ነበር። ናዚዎች አካል ጉዳተኛ ልጆችን ከገደሉ 20 ዓመት እንኳ አልሞላም። ልጃቸውን ከጎረቤት የደበቁ ወላጆች ነበሩ።

በ1961 ክረምት አንድ ወጣት ጠበቃ ሐምቡርግ ድረስ ሄዶ የሌንዝን በር አንኳኳ። ልጁ ክንዶቹ አጥረው ተወልዷል። የእህቱም ልጅ ከሳምንታት በፊት ተመሳሳይ ጉዳት ይዛ ተወልዳለች። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ልጆች! ይህን የሚሰማ ማንም ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የዘር ነው። ቤተሰቡም ይህንኑ ፈርቶ ነበር።

ጠበቃው ግን በአካባቢው ሌሎች እንዲህ ያሉ ልጆች መኖራቸውን ሰምቷል። ዝምድና የሌላቸው ናቸው። ዘር ከሆነ እነዚያ ከየት መጡ? ሌንዝ ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ያዙት። ትልቁ ውለታቸው ከዚህ ይጀምራል እላለሁ። ሙያቸው ወደ ዘር ቢጎትታቸውም ቁጥሩ ያንን አይደግፍም ነበር። የዘር በሽታ በሁለት ዓመት ውስጥ በመላ አገር አይፈነዳም። ከውጭ የመጣ ነገር አለ።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ሌንዝ ሥራውን የጀመሩት በመጠየቅ ነው። ለእናቶች የጽሑፍ መጠይቅ አዘጋጁ። ጠበቃውና እሳቸው ቤት ለቤትም ዞሩ። የሚጠየቀው ብዙ ነው። ምን በላሽ? ምን ዓይነት ሳሙና ነበር የምትጠቀሚው? ራጅ ተነስተሻል? በሽታ ነበረብሽ? መድኃኒት ወስደሻል?

መላ ምቱ ሰፊ ነበር። ያኔ የኑክሌር ሙከራ ሰውን ሁሉ ያስፈራ ነበር። አዳዲስ የልብስ ሳሙናዎች ገበያ ገብተዋል። ቫይረስም ሊሆን ይችላል። ሁሉም መመርመር ነበረበት።

በዚህ መጠይቅ ላይ ኮንተርጋን ወስጃለሁ ያሉት እናቶች 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ክኒኑ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ከአምስት ሴት አንዷ ብትወስደው ማንንም አይገርምም። ስለዚህ ቁጥሩ ምንም አልተናገረም። ሌንዝም አለፉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መጠይቁ ስህተት አልነበረበትም። እናቶቹም አልዋሹም። «መድኃኒት ወስደሻል?» የሚለውን ጥያቄ በራሳቸው ቋንቋ ተረድተው በራሳቸው ቋንቋ መለሱ። ለእነሱ መድኃኒት ማለት ሐኪም ያዘዘው፣ ለበሽታ የሚወሰድ ነገር ነው። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል የሚዋጥ ክኒን፣ ለልጅ እንኳ የሚሰጥ «የሲኒማ ጭማቂ»፣ እሱ መድኃኒት ነው እንዴ?

ሁለተኛው ጥያቄ

ኖቬምበር 11 ቀን ገደማ ሌንዝ ጥርጣሬያቸው ኮንተርጋን ላይ አረፈ። ተመልሰው እናቶቹን እንደገና ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ጠባብ ነው። በስም ነው የጠየቁት። ኮንተርጋን ወስደሻል? መቼ?

አዎ የሚሉት ከ20 በመቶ ወደ 50 በመቶ ገደማ ወጡ። መጀመሪያ ለምን አልነገራችሁኝም ሲባሉ ብዙዎቹ የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያህል የሚጠቀስ ነገር አልመሰለንም አሉ።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ክኒኑን መውሰዳቸው የታወቀ ከአሥር በላይ እናቶች ተገኙ። አልወሰድኩም ያለች እናት ዘንድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ማጣራት ያስፈልግ ነበር። የሐኪም ማዘዣ ማየት፣ የሆስፒታል መዝገብ ማገላበጥ፣ ባልን መጠየቅ። ሰው ከስምንት ወር በፊት አንድ ማታ የዋጠውን ክኒን አያስታውስም። ወረቀት ግን ያስታውሳል።

አሥራ ሁለቱ ቀናት

ማስረጃው ገና ሙሉ አልነበረም። ሌንዝ ይህን ያውቃሉ። የእንስሳት ሙከራ የለም። የሚነጻጸር የጤነኛ እናቶች ቡድን ገና አልተጠናቀቀም። አንድ ጥንቁቅ ሳይንቲስት ሌላ ስድስት ወር ቢጠብቅ ማንም አይወቅሰውም።

አልጠበቁም። ኖቬምበር 15 ደወሉ። በማግስቱ በደብዳቤ አጸኑት። የደብዳቤው ሒሳብ ቀላልና አስፈሪ ነው። ነገሩ ሳይጣራ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ከ50 እስከ 100 የሚደርሱ የተጎዱ ሕፃናት መወለድ ማለት ነው አሉ። ጥርጣሬያቸው ስህተት ቢሆን የሚጠፋው ለጊዜው የአንድ እንቅልፍ ክኒን ሽያጭ ነው። ትክክል ቢሆንስ?

ኖቬምበር 18 ዱሰልዶርፍ ላይ የሕፃናት ሐኪሞች ስብሰባ ነበር። ሌንዝ ተነስተው ተናገሩ። የክኒኑን ስም ግን አልጠሩም፤ አንድ መድኃኒት እጠረጥራለሁ ብቻ አሉ። ያን ማታ አንድ ሐኪም ለብቻቸው አገኛቸው። የሚጠረጥሩት ኮንተርጋንን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። እሱም እንዲህ ያለ ልጅ ወልዷል፣ ሚስቱም ክኒኑን ወስዳ ነበር።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ውስጤን ይነካኛል። ሐኪም ነው። ክኒኑ እሱ ቤት ውስጥ ነበር። መልሱን ያገኘው ስሙ ባልተጠራ ንግግር ነው።

የኩባንያው ሰዎች ወደ ሐምቡርግ መጡ። ከሌንዝ ጋር የነበረው ንግግር የወዳጅ አልነበረም፤ ክስ እንደሚከተል አስጠነቀቋቸው። ኖቬምበር 24 ጉዳዩ ከባለሥልጣናት ፊት ቀረበ። ኩባንያው ክኒኑን ለማውጣት አልተስማማም፤ በማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንለጥፍ አለ። ኖቬምበር 26 አንድ ትልቅ የእሁድ ጋዜጣ ጉዳዩን ይዞ ወጣ። በማግስቱ ኮንተርጋን ከገበያ ወጣ።

የሠራውና ያልሠራው

ከሠሩት ነገሮች አንዱ ጊዜን መጠየቅ ነው። ሌንዝ መውሰዷን ብቻ ሳይሆን የወሰደችበትን ቀን ይፈልጉ ነበር። ከዚህ ሥራ የወጣው ግኝት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ክኒኑ የሚጎዳው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተቆጥሮ ከ34ኛው እስከ 50ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከተወሰደ ነው። ቀደም ብላ የወሰደች እናት ልጅ ጆሮው ይጎዳል። ትንሽ ዘግየት ስትል እጆቹ፣ ከዚያ እግሮቹ። ከ50ኛው ቀን በኋላ የወሰደች ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች። አንድ ክኒን ብቻ ውጣ የተጎዳ ልጅ የወለደች አለች፤ ለወራት ወስዳ ጤነኛ የወለደችም አለች። ቀኑን ሳይጠይቁ ይህን መረዳት አይቻልም። ልብ በሉ፣ በእነዚያ ቀናት ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና አያውቁም።

ሌላው ከሽያጩ ጋር ማነጻጸር ነው። የክኒኑ ሽያጭ ሲወጣ፣ ከሰባት ስምንት ወር በኋላ የተጎዱ ልጆች ቁጥር ይወጣል። ሽያጩ ሲቆም ቁጥሩ ከ1962 አጋማሽ በኋላ ወደ ድሮው ወረደ። የኑክሌር አቧራም፣ ቫይረስም እንዲህ አያደርግም።

ያልሠራውም ብዙ ነው። በዱሰልዶርፉ ስብሰባ ስሙን አለመጥራት ጥንቃቄ ነበር፤ ሕጉም ያስፈራል። በእኔ አስተያየት ግን አዳራሽ ሙሉ ሐኪም ተቀምጦ ስሙ አለመጠራቱ ቀናትን አባክኗል። አንዳንዱ ሐኪም በዚያው ሳምንት ክኒኑን ለነፍሰ ጡር ሳይሰጥ አልቀረም።

ማስጠንቀቂያው ድንበር ቶሎ ያልተሻገረባቸው አገሮች ነበሩ። ታሊዶማይድ በ40 ገደማ አገሮች በተለያየ ስም ይሸጥ ነበር። ካናዳ ውስጥ እስከ ማርች 1962 ቆየ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 1962። ስሙ ሌላ ስለሆነ የጀርመኑን ዜና ያነበበ ሰው እንኳ ቤቱ ያለውን ጠርሙስ ላያውቀው ይችላል። በጠቅላላው በዓለም ላይ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች ተጎድተው ተወልደዋል ተብሎ ይገመታል። ግማሽ ያህሉ የምዕራብ ጀርመን ናቸው።

የእንስሳት ሙከራው ለብዙ ጊዜ የመከላከያ ጋሻ ሆነ። ነፍሰ ጡር አይጦች ላይ ጉዳቱ አልታየም፣ ስለዚህ ክኒኑ ንጹሕ ነው የሚል ክርክር ነበር። በ1962 ጥንቸሎች ላይ ሲሞከር ግን ጉዳቱ ታየ። ምክንያቱ በትክክል የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2010 የጃፓን ተመራማሪዎች ክኒኑ ሴሬብሎን ከሚባል ፕሮቲን ጋር እንደሚጣበቅ አገኙ። በ2018 ደግሞ በዚህ መንገድ ሳል-4 የተባለውን ለእጅና እግር እድገት የሚያስፈልግ ፕሮቲን እንደሚያፈርስ ታወቀ። የአይጥ ፕሮቲን ከሰው ስለሚለይ አይጧ ተርፋለች። ሌንዝ ይህን ሳያውቁ በ1961 ትክክል ነበሩ።

ፍርድ ቤቱ

በሜይ 1968 የኩባንያው ኃላፊዎች አልስዶርፍ በተባለች ከተማ ለፍርድ ቀረቡ። ሌንዝ ዋናው የሙያ ምስክር ነበሩ። ለቀናት ተጠየቁ። ተከላካዮቹ ሳይንሱን ከመሞገት ይልቅ ሰውየውን ያዙ። ለወላጆቹ ወግነዋል፣ ገለልተኛ አይደሉም አሉ። ፍርድ ቤቱ ተቀበላቸው፤ የሌንዝ ምስክርነት ወደ ጎን ተደረገ።

እኔ ይህን ውሳኔ እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም። ቤት ለቤት ዞሮ እናት ያነጋገረ ሰው ካልወገነ ነው መጠየቅ ያለበት። ሆኖም ከጉዳዩ የሚወሰድ ቁም ነገር አለ። ሌንዝ መርማሪም፣ የቤተሰቦች ረዳትም፣ ምስክርም ነበሩ። ሦስቱን ለአንድ ሰው ያሸከመው አሠራር ነው የተሸነፈው። ቀደም ብሎ ሌላ ገለልተኛ ቡድን መረጃውን ተረክቦ ቢያጣራው ኖሮ የሚያጠቁት አንድ ሰው አያገኙም ነበር።

ክሱ በዲሴምበር 1970 ያለ ፍርድ ተዘጋ። ከዚያ በፊት ኩባንያው ለልጆቹ 100 ሚሊዮን ማርክ ሊከፍል ተስማምቶ ነበር። በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2012 ነው። ከ50 ዓመት በኋላ።

ሌንዝ በአገራቸው ፍርድ ቤት ቢገፉም አላቆሙም። በ1971 ቶኪዮ ሄደው ለጃፓን ቤተሰቦች መሰከሩ። የተጎዱ ልጆችን እስከ እርጅናቸው ድረስ መርምረዋል። በክኒኑ የተጎዳውንና በእውነት የዘር ችግር ያለበትን ለመለየት የዘረመል ዕውቀታቸው በመጨረሻ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው።

ለእኛ ሥራ የሚሆነው

ከዚህ ጥፋት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 አገሮች የመድኃኒት ጉዳት መረጃ የሚለዋወጡበትን ፕሮግራም ጀመረ። ኢትዮጵያም አባል ናት። በየጤና ተቋሙ ያለው የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት ማሳወቂያ ቢጫ ቅጽ ምንጩ ይኸው ታሪክ ነው። ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ሳይ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። ለመሙላት እርግጠኛ መሆን አያስፈልግም፤ ጥርጣሬ ይበቃል። አንድ ጤና ጣቢያ ያየው አንድ ጉዳይ ምንም አይናገርም። ሃያ ጤና ጣቢያ አንድ አንድ ሲልክ ነው የሚናገረው።

ታሊዶማይድ ራሱም አልሞተም። በ1964 ኢየሩሳሌም ውስጥ ያኮብ ሼስኪን የተባሉ ሐኪም የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ከከባድ የቆዳ ቁስለት ሕመም እንደሚያስታግስ አገኙ። ዛሬ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰርም ይሰጣል። ይህ ሲሆን ግን እርግዝና እንዳይኖር በጥብቅ ቁጥጥር ነው። ብራዚል ውስጥ ቁጥጥሩ በላላበት ጊዜ ለሥጋ ደዌ ከተሰጠ ክኒን የተነሳ እንደገና የተጎዱ ልጆች ተወልደዋል። ክኒን በቤተሰብ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ይህን እኛም እናውቀዋለን።

ዋናው ግን ጥያቄው ነው። እኛም ጋ የእርግዝና ክትትል ላይ «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ይባላል። መልሱ «የለም» ነው። ካርዱ ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ከሱቅ የተገዛው የራስ ምታት ክኒን የት ገባ? ጎረቤት ያካፈለችው? እናት የቀቀለችላት ቅጠል? ከውጭ ዘመድ የላከው ቫይታሚን? እነዚህን ማንም መድኃኒት ብሎ አይቆጥራቸውም።

እኔ እንዲህ ብንጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ራስሽን ሲያምሽ ምን ታደርጊያለሽ? እንቅልፍ እምቢ ሲልሽስ? ሆድሽን ሲያምሽ ምን ትጠጫለሽ? ቤትሽ ያለውን ክኒንና ቅጠል ሁሉ በፌስታል አድርገሽ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሽልኝ ነይ። ስትመጣ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ ማየት ነው። ይህን መቼ ወሰድሽው? ይህንንስ?